ውኃ የሸሸበት መሬት

ከጅጋ ካሜራ አንግቶ ወደ ሰሜን የሚወጣ መንገደኛ፣ ውኃው ሁሉ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲወርድ ያያል። በስተኋላ የቀረው ተምጫ፣ ብር፣ የፍኖተ ሰላሙ ላህ፣ ቡሬ አጠገብ የሚያልፈው ፈጣም፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አባይ በረሃ አዙረው ቁልቁል ይነጉዳሉ። ጣናን የፈለገ ሰው እነዚህን ወንዞች ትቶ ወደ አገው ምድር ደጋ መውጣትና የውኃ መክፈያውን ማለፍ አለበት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ይገለበጣል። ከሰከላ የሚነሣው ግልገል አባይ ወደ ሰሜን ፈስሶ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ ባሕር ዳር ላይ የሚወጣው አባይ ደግሞ ጎጃምን ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ከቦ ይመለስና፣ መንገደኛው ትቷቸው የሄዳቸውን ወንዞች በረሃ ውስጥ ይቀበላቸዋል። የጅጋ ሰው ጣናን የሩቅ አገር ውኃ አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን በበዓል ቀን ቤቱ ውስጥ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከማሳ አይበቅልም፤ ከረግረግ ነው የሚታጨደው። ውኃ ዳር የሚባለው ዓለም በዓመት ብዙ ጊዜ እግራችን ሥር ይነጠፋል፣ እኛም ከየት እንደመጣ ሳንጠይቅ ቡናችንን እንጠጣለን።

የውኃ ዳር እንስሳትን ፎቶ ማንሳት በሰሜኑ ዓለም ወጣ ገባ የባሕር ጠረፎች ላይ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኗል፤ በኖርዌይ፣ በስኮትላንድ፣ በአይስላንድ። እዚያ ባሕሩ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ዓለት፣ ሲሰምጥም ሲጋለጥም መኖር የሚችሉ ፍጥረታት መኖሪያ ነው። ዛጎል ለባሾቹ ከላይ፣ የባሕር ኮከቡ ከታች፣ እያንዳንዱ ድርቀትን በሚችለው መጠን ቦታውን ይዟል። ፎቶ አንሺው የሙላቱን ሰዓት ከሠንጠረዥ አንብቦ ይመጣል፣ በድንጋዮቹ መካከል ይንበረከካል፣ ውኃው ሳይመለስበት ይወጣል። በዚያ ልማድ ጥሩ ፎቶ ማለት ሰው የሌለበት ፎቶ ነው። ዓለት፣ ሞገድ፣ አንድ ወፍ፣ ሌላ ምንም። ይህ አመለካከት በስልካችን በኩል ወደ እኛም ደርሷል፤ ዛሬ ጣና ዳር የሚነሡት አብዛኞቹ የወፍ ፎቶዎች ታንኳውን፣ ከብቱን፣ መረቡን ከፍሬም ለማስወጣት የተደከመባቸው ናቸው። የእኔ ክርክር ይህ ልማድ ለጣና አይሆንም የሚል ነው፤ ውበት ስለሚያንሰው ሳይሆን ስለ እንስሳቱ የሚነግረን ነገር ሐሰት ስለሚሆን ነው። በዚህ ዳርቻ እንስሳውን ከሰው ነጥሎ ማሳየት፣ እንስሳው ለምን እዚያ እንደቆመ የሚያስረዳውን ነገር ቆርጦ መጣል ነው።

ማስረጃው ሐይቁ ጋ ሳይደረስ ይጀምራል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ሜዳ፣ በእርሻ ወቅት፣ በሬ ባለበት ሁሉ ነጫጭ የከብት ወፎች አሉ። ማረሻው ሲገለብጥና የከብቱ ኮቴ ሲረግጥ የሚወጣውን ትልና አንበጣ እየለቀሙ ይከተላሉ። ይህንን ወፍ ያለ በሬ ፎቶ ያነሣ ሰው ነጭ ላባ አንሥቷል እንጂ ወፉን አላነሣም። ደግሞም የአካባቢው ገበሬ ይህ እንዲነገረው አያስፈልገውም፤ ወፉንና በሬውን ለያይቶ አስቦ አያውቅም። ቡሬ ላይ በርበሬው በየደጁ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ መንገዱ ዳር ያለው ቀይ ምድር ከበርበሬው ጋር ሲፎካከር፣ ዓይን ሌላ ነገር ለማየት ይቸገራል፤ ቢሆንም ከዚያ ቀለም ሁሉ ይበልጥ ስለ አገሩ የሚናገሩት በሬውና ወፉ ይመስሉኛል።

እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና ተቃራኒውን ያሳያል። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ150 ሜትር ይበልጣል፣ ዙሪያው ገደልና ደን ነው። ለዓይን ከጣና ይልቅ ዘንገና ይማርካል፤ ሰማያዊ፣ ጸጥ ያለ፣ አንድ ፎቶ ውስጥ የሚገባ። ነገር ግን ዳርቻ የለውም ማለት ይቻላል፤ ውኃው ከገደሉ ሥር ወዲያው ይጠልቃል፣ ስለዚህ እየተራመዱ ጭቃ የሚጭሩ ወፎች የሚቆሙበት ቦታ ጥቂት ነው። የሐይቅ ሀብት በጥልቀቱ አይለካም። ዳክዬውን፣ ሽመላውን፣ አርጃኖውን የሚመግበው ጉልበት ድረስ እንኳ የማይሞላው ጠፍጣፋ ዳር ነው፤ ያ ዳር ደግሞ ለሰውም ለከብትም ይመቻል። ፀቡም ጉርብትናውም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ዳንግላን እንደ አንድ የመንገድ ከተማ ብቻ ማለፍ ልማድ ነው። የብሪታንያ መንግሥት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የነበረው ቆንስላ ግን የተቀመጠው እዚህ ነበር፤ ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት ያህል በዚያ ኃላፊነት ሠርቷል። የመንግሥቱ ፍላጎት ውኃው ላይ ነበር፤ የቺዝማን ፍላጎት ደግሞ ወፍ ላይም ጭምር። የጣናን ዙሪያና የአባይን ሸለቆ ተዘዋውሮ መረመረ፣ የወፍ ናሙና ሰበሰበ፣ ፎቶ አነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ አባይ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ከእሱ ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ በዳይኔሊ የተመራ የሳይንስ ቡድን ሐይቁን አጠና፤ ከጣና አሳዎች አንዱ እስከ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሙ የዚህን ሰው ስም ይዞ ይኖራል። የሁለቱም ዓላማ ከቅኝ ገዥነት ሐሳብ የጸዳ አልነበረም፤ ይህንን ሳይናገሩ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ቢሆንም እንዲህ ያሉ አሮጌ ፎቶዎች ዛሬ የሚጠቅሙት ፎቶ አንሺው ባሰበው ነገር አይደለም። ሳያስበው ከጀርባ በገባው ነው፦ ደንገሉ ምን ያህል ጥቅጥቅ ይል እንደነበር፣ ታንኳው የት ይቆም እንደነበር፣ ውኃው ከየትኛው ዛፍ ሥር ይደርስ እንደነበር። ዳራውን ያደበዘዘ፣ ወፏን ብቻ ያጎላ ፎቶ ከ90 ዓመት በኋላ ለማንም ምንም አይመሰክርም።

መራዊ ላይ ቆጋ ግድብ ሰው ሠራሽ ዳርቻ ፈጥሯል፤ ብዙ ሳይቆዩበት ወደ ባሕር ዳር ይታለፋል። ጣና የጨው ባሕር አይደለም፣ በጨረቃ የሚመራ ሙላትና ጉድለትም የለውም። ግን በዓመት አንድ ጊዜ ይሞላል፣ አንድ ጊዜ ይጎድላል። ክረምቱ ያወረደው ውኃ በመስከረምና በጥቅምት ከፍተኛውን ደረጃ ይይዛል፤ ከዚያ ቀስ እያለ እስከ ግንቦትና ሰኔ ይወርዳል። ልዩነቱ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጎርጎራ ባለው ዓለት ላይ ይህ የጥቂት እርከኖች ጉዳይ ነው፤ በሐይቁ ዳር ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ ግን መሬቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ውኃው እጅግ ረጅም መንገድ ይሄዳል። የሰሜኑ ፎቶ አንሺ የስድስት ሰዓት ሠንጠረዥ ይዞ የሚመጣበትን ነገር፣ እዚህ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ በዓይኑ ይከታተለዋል። ውኃው ሲሸሽ እርጥቡ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፣ ከብት ይሰማራል፤ ውኃው ሲመለስ ሩዙ ውኃ ውስጥ ይቆማል። በሰሜኑ ጠረፍ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው መሬት የዛጎል ለባሾች ከሆነ፣ በጣና የከብትም፣ የሽመላም፣ የገበሬም ነው፤ በየተራ። በተጨማሪም ተራውን የሚወስነው ሰማይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ውኃ መውሰድ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫ፣ የዳርቻውን ሰዓት በከፊል የሰው እጅ ውስጥ አስገብተውታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት መግቢያ ላይ ሐይቁ በተመዘገበ ታሪኩ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ሲወርድ ጀልባዎች ቆመው፣ ደንገል ደርቆ፣ ሰው የሐይቁን ወለል አርሶ ነበር። በዚያ ዓመት የተነሣ የወፍ ፎቶ፣ የታረሰውን ወለል ካላሳየ፣ ስለዚያ ዓመት ምን ይነግረናል?

በጣና ከሁሉ ይበልጥ ብርቅ የሆነው የዱር እንስሳ ደግሞ ውኃው ውስጥ ሳለ በፎቶ አንሺ ሌንስ ውስጥ የማይገባው ነው። የአካባቢው ሰው ነጭ አሳ እያለ በጅምላ የሚጠራው ወገን በሳይንቲስቶች ቆጠራ 15 ያህል የጣና ብቻ የሆኑ ዝርያዎች አሉት። ሐይቁ ከታች በኩል በጢስ እሳት ፏፏቴ ከሌላው አባይ ስለተቆረጠ፣ እዚሁ እርስ በርስ ተለያይተው አንዱ አሳ በሊታ፣ ሌላው ቅጠል ለቃሚ፣ ሌላው ጭቃ አጣሪ ሆነዋል። ዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። ሆኖም ውኃው በደለል የደፈረሰ ነውና ጠልቆ ካሜራ መያዝ ብዙ አይጠቅምም። እነዚህን አሳዎች በቀን ብርሃን፣ ከነቅርፊታቸው፣ ከነአፋቸው ቅርጽ ማየት የሚቻለው ታንኳ ላይ፣ መረብ ውስጥና ገበያ ላይ ነው። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ መረቡም በወንዙ አፍ ላይ የሚዘረጋው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብቻ የእነዚህ አሳዎች ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ በጥናት ተመዝግቧል። እንግዲህ ሰውን ከፍሬም የሚያስወጣ የዱር እንስሳ ፎቶ የጣናን ዋነኛ የዱር እንስሳ አብሮ ያስወጣል። ባሕር ዳር በምሳ ሰዓት በሙቅ ዘይት ተጠብሶ፣ ቆዳው ተሰንጥቆ፣ በሎሚና በአዋዜ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ቀረሶ ነው፤ ሥጋው አይጠገብም። ለጅጋ ሰው፣ ክርስትናም ሆነ ሠርግ ያለ በግና ዶሮ ለማይሆንለት፣ አሳ እንግዳ ምግብ ነው፤ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክርም ገና አልተዘጋም። እዚያ ማዕድ ላይ የተቀመጠ መንገደኛ የዱር እንስሳ እየበላ እንደሆነ ትዝ አይለውም፤ በሬ ከበላ ሰው የሚለየው ግን በዚህ ነው።

ስለ ስደተኞቹ ወፎች ያለው ነገርም ወደዚሁ ያመጣናል። በባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ በኢስቶኒያና በፊንላንድ ረግረጎች የሚፈለፈሉ ክሬን የሚባሉ ረጃጅም ግራጫ ወፎች፣ ከጥቂቶቹ ላይ በታሰረ የሳተላይት መሣሪያ እንደታወቀው፣ የብርዱን ወራት ለማሳለፍ ጣና ዙሪያ ይመጣሉ። በሌሊት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ሲነጋ በሺዎች ሆነው ማሳ ላይ ይሰፍራሉ፣ አጫጁ የጣለውን እህል ይለቅማሉ። በትውልድ አገራቸው ፎቶ አንሺው በጭጋግ ውስጥ፣ ከሰው በራቀ ረግረግ ያነሣቸዋል። ያው ወፍ እዚህ ከእረኛ ጎን ይቆማል። የትኛው ነው እውነተኛው ክሬን? ሁለቱም ነው፤ ግን በጭጋጉ ውስጥ ያለው ሥዕል ብቻ ዓለምን ከዞረ፣ ወፏ የብርዱን ወራት የምትኖረው ከአንድ የአማራ ገበሬ ቃርሚያ ላይ መሆኑ ይጠፋል፤ ገበሬው ለወፏ ሕይወት የሚያዋጣው ድርሻም አብሮ ይጠፋል። ዘውድ መሳይ ወርቃማ ጉትዬ ያለው የአገራችን ክሬን ደግሞ በክረምት ረግረግ ውስጥ ይፈለፍላል፤ በግልገል አባይ አፍ አጠገብ እንዳለው ጭምባ ያሉ ረግረጎች ሲታረሱ የሚሄድበት ሌላ ባልቲክ የለውም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላሎችም አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ፍሬም መቼም ይቆርጣል፣ ሁሉን ያካተተ ፎቶ የለም የሚል ነው። ልክ ነው። ጥያቄው ግን ምን ተቆረጠ የሚል ነው። የፔሊካኑን ምንቃር ለማሳየት ሰማዩን መተው ምንም አያጎድልም፤ ፔሊካኑ የቆመው አሳ አጥማጁ የሚጥለውን ትርፍ ጠብቆ ከሆነ ግን አሳ አጥማጁን መተው ምክንያቱን መተው ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ከቱሪዝም ወገን ይመጣል፦ ንጹሕና ውብ ፎቶ ጎብኚ ያመጣል፣ ጎብኚ ገንዘብ ያመጣል፣ ገንዘብ ዳርቻውን ያስጠብቃል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብም ውበቱ ድርሻ እንደነበረው አይካድም። ነገር ግን አገሩን በእውነት ያንቀሳቀሰው የትኛው ፎቶ እንደነበር እናስታውስ። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ሰሜናዊውን ዳርቻ ሲውጥ በየሰዉ ስልክ የዞረው የወፍ ምስል አልነበረም። እስከ ደረታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው የሚነቅሉ ሰዎች ፎቶ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከኦሮሚያ የተነሡ ወጣቶች ጣና ኬኛ፣ ጣና የእኛ ነው፣ ብለው የመጡት፣ ባዶና ውብ ሐይቅ ስላዩ ሳይሆን የታመመ ሐይቅና የደከመ ሰው ስላዩ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ከበድ ይላል፣ እኔም ሙሉ በሙሉ የምመልሰው አይመስለኝም። ሰውን በፍሬሙ ውስጥ ማስገባት ሰውን ማስረጃ ማድረግ ነው። በእንቁላል መጣያ ወቅት በቀጭን የላስቲክ መረብ የሚያጠምደው ሰው፣ ረግረጉን ለሩዝ የሚያርሰው ሰው፣ ድሀ ናቸው፤ ፎቶው ነገ በማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጥ አያውቁም። ከደንገል ታንኳ መሥራት ከአባት የወረሱት፣ በቀደመው ዘመን ጉማሬ አድነው ይኖሩ የነበሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች በሌሎች ዓይን ብዙ ተንቀዋል፤ ካሜራም ከዚያ ዓይን አንዱ ሆኖ ያውቃል። መልሱ ሰውን ማስወጣት ነው የሚለው ግን አይከተልም። በሐይቁ ደሴቶች ላይ ባሉ ገዳማት ማንም እንግዳ ሳይጠይቅ ብራናውን አያነሣም፤ ወደ ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም፣ እንግዳው ይህን ሥርዓት ሳይስማማበትም ያከብረዋል። መነኩሴው የሚጠየቀውን ፈቃድ አሳ አጥማጁ የማይጠየቅበት ምክንያት የለም። ፊቱን ሳያሳዩ እጁን፣ የመረቡን ቦታ ሳይገልጹ መረቡን ማሳየት ይቻላል። ለወፍ ጎጆ የተጠነቀቀ ፎቶ አንሺ ወፏን ከእንቁላሏ ላይ ላለማስነሣት ሰዓታት ተደብቆ ይቀመጣል፤ ከዚያ ጥንቃቄ ግማሹን ለባለታንኳው ቢሰጥ ነገሩ ብዙ ይለወጥ ነበር። የሚቀረው ስጋት ይቀራል፤ ባለመረቡ ፈቅዶ የተነሣ ፎቶም ሊጎዳው ይችላል፣ እና አንዳንዴ ካሜራውን ከረጢት ውስጥ መተው ይሻላል።

ጎርጎራ የጣና ሰሜናዊ ጫፍ ነው። ከፎገራ ጭቃ በኋላ እዚህ ጥቁር ድንጋይ ወደ ውኃው ይገባል፣ ባሕረ ሰላጤዎች ይፈጠራሉ፣ የሰሜኑን ጠረፍ ፎቶዎች ለሚያደንቅ ሰው ከሐይቁ ሁሉ ይበልጥ የሚመቸው ይህ ነው። ንጉሥ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት የሠራበት፣ ደብረ ሲና ማርያም ግድግዳዋን በሥዕል ሞልታ የተቀመጠችበት ምድር ነው፤ በቅርቡ ደግሞ በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት ወደ ውኃው ፊቱን አዙሮ ቆሟል። በዚያው ሰሜናዊ ዳር፣ በደምቢያ በኩል፣ እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ተመዝግቧል። ክፋቱ ቆንጆ መሆኑ ነው። አበባው ሐምራዊ፣ ቅጠሉ የሚያበራ አረንጓዴ፤ በላዩ ላይ ረጃጅም ጣቶቿን ዘርግታ የምትራመደው ጃካና የምትባል ወፍ ደግሞ ቡናማና ነጭ። አንድም ሰው ያልገባበት፣ ንጹሕ ቀለም ያለው፣ በየትኛውም የዱር እንስሳ ውድድር ሊቀርብ የሚችል ፎቶ ከዚያ ይወጣል። ከፎቶው ውስጥ ግን ከአረሙ ሥር ያለው አየር ያጣ ውኃ አይታይም፣ ታንኳው መውጫ ማጣቱ አይታይም፣ ከብቱ የሚጠጣበት ዳር መዘጋቱ አይታይም። ፎቶ አንሺው ሌንሱን ትንሽ ቢያሰፋ፣ አረሙን ቆርጦ የከመረው ገበሬና ክምሩ ላይ የቆመች ሌላ ጃካና ይገቡበታል። ቀለሙ ይረበሻል፣ መስመሩ ይጣመማል፣ የውድድሩ ዳኞችም ላይመርጡት ይችላሉ። ጎርጎራ ላይ ከዚያው ድንጋይ፣ በዚያው ወር፣ በየዓመቱ ቢነሣ ግን አረሙ ስንት እርምጃ እንደገፋ ወይም እንደሸሸ፣ ውኃው ከየትኛው እርከን ላይ እንደቆመ፣ ክምሩ እያደገ ወይም እያነሰ መሆኑን የሚያሳይ መዝገብ ይሆናል፤ ለዚህ ደግሞ ውድ ሌንስ አያስፈልግም፣ የጎርጎራ ተማሪ በእጁ ያለው ስልክ ይበቃል።